የአሜሪካ ትራስ

በኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ እሁድ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው አላየሁም። ኮፈኑ «ጓ» ሲል ከየብሎኩ ሰው መውረድ ይጀምራል። አንዱ በፒጃማ፣ አንዱ የጥርስ ቡሩሹን እንደነከሰ፣ አንዱ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ ይመጣል። «ምን ላግዝህ?» የሚል የለም። ሥርዓቱ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ ሞተሩን ቁልቁል ማየት፣ ትንሽ ዝም ማለት፣ ከዚያ «ባትሪ ነው» ማለት ነው። ጎማ ፈንድቶም ቢሆን ባትሪ ነው።

እኔም ከወራጆቹ አንዱ ነኝ። መኪና የለኝም፤ አስተያየት ግን አላጣሁም።

የዛሬው ጉድ ባለቤት ጎረቤቴ ነው። ግቢው «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ኢንጂነር ግን አይደለም፤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙ የወጣለት የግቢውን የውኃ ፓምፕ «ለዚህማ ባለሙያ አንጠራም» ብሎ የፈታ ዕለት ነው። ፓምፑ እስከ ዛሬ በሁለት ፌስታል ተከፍሎ ጥበቃው ቤት ተቀምጧል።

ኢንጂነሩ ቪትዝ አለችው። ቶዮታ ይህችን ትንሽ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣት በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ የኢንጂነሩም ከመጀመሪያዎቹ ሳትሆን አትቀርም። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ እሱ ስለ እሷ ሲያወራ የሚሰማ ሰው ግን ተሳቢ የሚያንቀሳቅስ ይመስለዋል። ከኋላ ኮፈኗ ወለል ሥር አብራት የተወለደች መቀስ የምትመስል ክሪክ አለች። እጀታዋን ትጠመዝዛለህ፣ ትጠመዝዛለህ፣ ወገብህ ሊቆረጥ ሲል መኪናዋ አንድ ጣት ከፍ ትላለች። ይህች ክሪክ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረችውም። ጥፋቷም ይኸው ነው፤ የማያሳፍር ዕቃ አይወራለትም።

አንድ ቀን ማታ ስልኩን ይዞ መጣ። «እይማ» አለኝ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ሦስት ጥቁር የላስቲክ ቀለበት የተደራረበበት ነገር በእግሩ ገፋ አድርጎ መኪና ሥር ያስገባል፣ አንዲት ማንሻ ይነካል፣ «ፍስስ» ይላል፣ መኪናው ብድግ ይላል። አምስት ሰከንድ። ሸሚዙ ላይ አንድ ጠብታ ግራሶ የለም። ኢንጂነሩ አራት ጊዜ ደጋግሞ አሳየኝ። በአራተኛው ላይ የኔም ልብ ከመኪናው ጋር አብሮ ተነሳ፤ አልዋሽም።

«የቦርሳ ክሪክ ነው» አለ። «በአየር ነው የሚሠራው። አየር ደግሞ በነፃ ነው።»

የእህቱ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ ለመስቀል ሊመጣ ትኬት ቆርጧል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ተፈቅዶለታል፤ ሻንጣዎቹ ግን የእሱ አይደሉም። ትኬት በቆረጠ ማግሥት ቤተሰቡ ተከፋፍሏቸዋል። የእናቱ የደም ግፊት መለኪያ፣ የአክስቱ የጉልበት ቅባት፣ የአጎቱ ልጆች ጫማ፣ ማን እንዳዘዘው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ብሌንደር። ክሪኩ ብቻውን 17 ኪሎ ነው። ከአንዱ ሻንጣ የተረፈው 6 ኪሎ ነው ማለት ነው። ምን ምን እንደተቀነሰ አልዘረዝርም፤ የኢንጂነሩ እህት ግን ዛሬም ግፊቷን የምትለካው ፋርማሲ እየሄደች ነው። ወንድሟን ባየች ቁጥርም ከፍ ይላል።

ካርቶኑ ሲከፈት እኔም ነበርኩ። የዕቃው ሥር ላይ «ሜድ ኢን ቻይና» ይላል። ቻይና ተሠርቶ፣ አሜሪካ ደርሶ፣ ሜሪላንድ አድሮ፣ አትላንቲክን በሰው ሻንጣ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ከጓንግዡ ቦሌ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን እያለ። «የአሜሪካ ነው» አለ ኢንጂነሩ፣ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።

መልኩ ሦስት ጥቁር ድፎ ዳቦ ተደራርቦ በየመካከሉ የብረት ሳህን የገባበት ይመስላል። ረጅም እጀታ አለው፤ እጀታው ላይ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቭ አለ። ፓምፕ የለውም። ካርቶኑን ገለበጥን፣ ፎሙን ፈተሽን፣ የለም። የእህቱ ልጅ መመሪያውን አነበበልን፤ ከ5 እስከ 10 ባር የታመቀ አየር ይፈልጋል፣ ኮምፕሬሰር ለብቻው ይገዛል። ኢንጂነሩ ዝም አለ። አየሩማ በነፃ ነው፤ እንደ ሚኒባስ ታክሲ የሚያስከፍለው መጠቅጠቁ ነው።

ለዕቃው ፍትሐዊ ልሁን፤ ውሸት አይደለም። አንድ ባር ማለት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ የሚጫን ግፊት ነው። አንድ ተራ ኮምፕሬሰር 8 ባር ይሞላል። የክሪኩ ክብ ራስ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 490 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በ8 ስታባዛው 4 ቶን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሠሪዎቹ ጥንቃቄ ጨምረው 3 ቶን ብለው ይጽፉበታል። ደግሞስ ቪትዟ ድሮም የቆመችው በአየር ላይ አይደል? ጎማዋ ውስጥ ያለው 32 ፒኤስአይ ከሁለት ባር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካውም ከመዳፍ ብዙ በማይሰፋ ቦታ ነው። አንድ ቶን ብረት፣ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ በአራት መዳፍ ላይ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ሲመላለስ ማንም በስልኩ አልቀረጸውም።

የዚህ ክሪክ ዘመዶች የተከበረ ሥራ አላቸው። የተገለበጠ መኪና ሥር ሰው ሲቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚያስገቡት እንደ ምንጣፍ የሳሳ ቦርሳ አለ። ከማኮብኮቢያ የወጣ አውሮፕላንም በትልልቅ ቦርሳ ይነሳል። እነዚያ ባለሙያዎች ታዲያ የማይጥሱት ሕግ አላቸው፤ ቦርሳው አንድ ጣት ባነሳ ቁጥር ከጎኑ አንድ ጣት እንጨት ይገባል። ቦርሳው ያነሳል፤ የሚያቆመው እንጨቱ ነው። የኢንጂነሩም መመሪያ ይህንኑ በቀይ ጽፎታል፤ በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር አትግቡ፣ የብረት ማቆሚያ አድርጉ ይላል። የእህቱ ልጅ ይቺን ገጽ ሲያነብ ኢንጂነሩ ቡና ደረሰ ወይ ብሎ ወደ ጓዳ ሄዶ ነበር።

በጥቅምት አንድ እሁድ የቪትዟ የቀኝ የፊት ጎማ ተንፍሶ አደረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገማል። ኢንጂነሩ «እሰይ!» ብሎ ወረደ። ለካ ከመስቀል ጀምሮ በየጠዋቱ ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ እየነካካ የሚያልፈው በተስፋ ኖሯል።

ኮምፕሬሰር ያለው በራችን ላይ ያለው ጎሚስታ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከጎሚስታው ለመገላገል ነበር፤ ቢሆንም ሄደ። ሲመለስ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ኮምፕሬሰሩን በሁለት ጎማው እየጎተተ ከኋላው ይከተላል። የኪራዩ ሂሳብ ጎማውን ጠግኖ ለመግጠም ከሚጠየቀው በእጥፍ ይበልጣል። ልጁ ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ፊት ያላቸው አምባሳደሮች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ክሪኩን በጫማው ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ፋዘር፣ ይቺ ምንድናት? ትራስ ናት?» አለ።

«የአሜሪካ ናት» አለ ኢንጂነሩ።

በቃ፣ የአሜሪካ ትራስ ሆና ቀረች።

ኢንጂነሩ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሦስት ዲቫይደር ተቀጣጥሎ በበረንዳው ቁልቁል ወረደ። ኮምፕሬሰሩ አንዴ «ድርርር» አለና ጸጥ። ወዲያው ከላይ የባለቤቱ ድምፅ መጣ፤ «ማነው መብራቱን ያጠፋው?» ምጣድ ጥዳለች። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ የልጁ ኮምፕሬሰር 2 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ወደ አንድ ኪሎዋት ተኩል። ሁለቱ ባንድ ቆጣሪ አይስማሙም።

«ለአምስት ደቂቃ አጥፊልን» አለ ኢንጂነሩ አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ሊጡ ኩፍ ብሎ? ምሳህን ጎማ ትበላለህ?»

ሃያ ሁለት እንጀራ ቀርቷታል። ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በላይ አሥራ አራት ወንድ አንዲት የተነፈሰች ቪትዝ ከብቦ የእንጀራ ጢስ እያሸተተ ቆመ። ስለ ኮምፕሬሰር ተወራ፣ ስለ ጃፓንና ስለ ቻይና ብረት ተወራ፣ አንዱ «እኔ ግን ባትሪውን አልወደድኩትም» አለ። አሥራ አራታችን እየተፈራረቅን ብንጠመዝዝ መቀሷ ክሪክ ሥራውን በአሥር ደቂቃ ትጨርሰው ነበር። ይህን ያሰብኩት አሁን ስጽፍ ነው፤ ያኔ እኔም የእንጀራ ቁጥር እየተከታተልኩ ነበር።

እንጀራው ሲያልቅ ጥበቃው መኪናዋ እንዳትንሸራተት ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ደገፈ። ድንጋዩ ትልቅ ነበርና ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። «ከመንገዱ ላይ» አለኝ። ከዋናው መንገድ ማለቱ ነው። በኛ አገር መኪና ሲበላሽ ባለመኪናው ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል፣ ከኋላ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። መኪናው ይሠራል፣ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ያድራል፣ ይከርማል። ጨለማ ላይ ድንገት ፍሬን የምንይዝበት ድንጋይ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሰው መኪናዬ እንዳትሄድብኝ ብሎ ያስቀመጠው ነው። ሲነሳ የማን ነበር የሚል የለም።

ወደ ትራሷ ልመለስ። ኢንጂነሩ እንደ ነጭ ሸሚዙ ሰውዬ በእግሩ ገፋት። አልገባችም። በደረቱ ተኝቶ ገፋት። አልገባችም። ተጣጥፋም ቁመቷ 15 ሳንቲሜትር ነው። ቪትዟ ጎማዋ ሙሉ ሲሆን እንደምንም ታስገባት ይሆናል፤ ሲተነፍስ ግን ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ክሪክ የሚያስፈልገው ደግሞ ጎማ ሲተነፍስ ነው። ሁለት ጎረምሶች በፓራውልቷ ሊያነሷት ሲታገሉ ልጁ ዝም ብሎ የኋላ ኮፈኑን ከፈተ፣ መቀሷን ክሪክ አወጣ፣ ጠመዘዘ፣ መኪናዋን አራት ጣት አነሳት።

«አሁን ትራሷን አስገባት» አለ።

አሮጊቷ ክሪክ ለአዲሷ በር ስትከፍት ቆመን አየን። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ስልካችንን ለቀረጻ እያዘጋጀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልክድ አልችልም። ኢንጂነሩ ማንሻዋን ነካ። «ፍስስ!» ሦስቱ ድፎ ባንዴ ኩፍ አሉ። ቪትዟ ከመሬት ብድግ አለች። ሕፃናት ጮኹ፣ ከበረንዳ አንዲት እናት እልል አለች። አምስት ሰከንድ! ኢንጂነሩ ሸሚዙን ቁልቁል አየ፤ ደረቱ ላይ ከተኛበት የተረፈ ጭቃ ነበር እንጂ ላብ አልነበረም።

ልጁ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አደረገና ጎማውን በጣቱ ሽክር አደረገው። ጎማው አየር ላይ ዞረ። ብሎን የሚላላው መኪና መሬት ላይ እያለ ነው፤ ተንጠልጥሎ ጎማው አብሮ ይዞራል። አሥራ አራታችንም ይህን እናውቃለን። መኪናዋ ወረደች፣ ብሎኑ ላላ፣ እንደገና ተነሳች። በሁለተኛው እልልታ አልነበረም።

የግቢያችን ወለል ኮብልስቶን ነው፤ ክረምቱ ያሰመጠውን አስምጦ፣ ያቆመውን አቁሞታል። ትራሷ በዚያ ላይ ተቀምጣ አየሩ ወደ አንድ ጎን ሲያደላ አንደኛው ድፎ ሆዱን ነፋ፤ መኪናዋ ትከሻዋን ሰበቅ ማድረግ ጀመረች። እኔን እስክስታ ከመምሰል አልፎ አስፈራኝ።

«ማቆሚያውስ?» አልኩ። ያን ዕለት የተናገርኩት ቁም ነገር ይኸው አንዱ ነው።

«የምን ማቆሚያ? 3 ቶን ትሸከማለች እኮ!»

ጥንድ የብረት ማቆሚያ እንዲገዛ የእህቱ ልጅ ከመሄዱ በፊት ለምኖት ነበር። ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ከትራሷ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የቡና መጠጫ ነው። ኢንጂነሩ ሊገዛ ሄዶ ዋጋ ጠይቆ «ለዚች ብረት?» ብሎ ተመልሷል። ስስታም አይደለም፤ ሰው ፊት ገንዘብ ሲያወጣ አይቻለሁ። ማቆሚያ ግን «ፍስስ» አይልም። ማቆሚያ መኪና ሥር ሲገባ እልል የሚል፣ ስልክ የሚያወጣ የለም። ኢንጂነሩን ብቻ አልለይም። አምና ግቢው የውኃ ታንከር ጣሪያ ላይ ሲያወጣ ገመድ የሚስበው፣ «በል! በል!» የሚለው፣ በግ ይታረድ የሚለው መቶ ሰው ነበር። ታንከሩ የሚቀመጥበት ብረት ዝጓልና ትንሽ ትንሽ እናዋጣ ሲባል ለስብሰባ የመጣነው አራት ነን፤ ከአራቱ አንዱ ሊቀመንበሩ ነው፣ አንዱ ስብሰባ መኖሩን ሳያውቅ ለሌላ ጉዳይ የገባ ነው። ማንሳት በዓል ነው። ደግፎ ማቆም የዘበኛ ሥራ ይመስለናል።

ጎማው ወለቀ። ልጁ የወጋውን ሚስማር ሲፈልግ ኢንጂነሩ «እስቲ እግረ መንገዴን አንድ የሚያንጠባጥብ ነገር ልይ» ብሎ ተንበረከከና ክንዱን እስከ ትከሻው መኪናዋ ሥር ሰደደ። ልጁ ቀና ብሎ አየው። ምንም አላለም። ከኋላ ኮፈን ስኮርታውን አወጣ፣ እያንከባለለ አምጥቶ አጋደመው፣ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከበሩ ሥር፣ ከኢንጂነሩ ክንድ አጠገብ አስገባው። ልክ ማሰሮ ሥር ማቶት እንደምታስገባ ሴት። ወደ ሚስማሩም ተመለሰ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላስታውስም። ከሁለተኛ ፎቅ የወረደች አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ግን ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ያረፈው የክሪኩ እጀታ ላይ ያለችው ቢጫ ማንሻ ላይ ነበር። እኛ ሁላችን መኪናዋን ስናይ እሷ ማንሻዋን ታያለች። ሄደችና ተጫነቻት።

«ፍሽሽሽ።»

ቪትዟ ወረደች። ስኮርታው ላይ «ቁጭ» ብላ ቆመች። የተጋደመ የቪትዝ ጎማ ስፋቱ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በመኪናዋና በኮብልስቶኑ መካከል የተረፈው ቦታ ያ ነው፤ የኢንጂነሩ ክንድ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቀስ አድርጎ አወጣው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። ሰዓቱን አየ፤ ይሠራል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ «ባትሪ ነው» ያለ ሰው አልነበረም።

ልጁ ጎማውን በማስቲሽ ጠገነ፣ ነፋ፣ መኪናዋን በመቀሷ ክሪክ አንስቶ ገጠመ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ኮምፕሬሰሩን እየጎተተ ወጣ። ጠቅላላ ሥራው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ አምስት ሰከንዱ እጅግ ያማረ ነበር።

የገረመኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ኢንጂነሩ ታሪኩን በለቅሶም በሠርግም ያወራል። በወሬው ውስጥ ትራሷ አለች፣ «ፍስስ» አለ፣ አምስቱ ሰከንድ አለ፣ እልልታው አለ። ልጅቷም አንዳንዴ ትገባለች፣ የሚያስቅ ቦታ ላይ። ስኮርታው ግን የለም። አንድ ቀን ላስታውሰው ብዬ ጀመርኩና «አዎ፣ እሱም ነበረ መሰለኝ» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ኮምፕሬሰር የማይፈልግ የቦርሳ ክሪክ አለ፤ ቧንቧው ማርሚታ አፍ ላይ ይገጠማል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጢሱ ቦርሳውን ይነፋል። የበረሃ ሰዎች ዕቃ ነው፤ ተራ ክሪክ አሸዋ ውስጥ በሚሰምጥበት አገር ትልቅ ውለታ ይውላል። የቪትዟ ማርሚታ ግን ሁለት ቦታ ተበየዶ በሦስተኛው የሚተነፍስ ነው፤ ጢሱ ቦርሳው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበተናል። የተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ይገድላል፣ ጢሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም አልኩት። «አንተ ደግሞ!» አለኝ፤ ስልኩን ግን አጠፋ። በሌላ ቀን ትራሷን በጎረቤታችን ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ልሞክር ብሎ ነበር። በጥር 2016 የነዳጅ መኪና ከውጭ አይገባም ከተባለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሦስት ገብተዋል። ባለቤቱ መኪናው በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆመበት፤ የእሱ መኪና ባትሪው ወለሉ ሥር ተነጥፏል፣ የሚነሳው ምልክት ባላቸው አራት ቦታዎች ብቻ ነው። በግቢያችን ታሪክ «ባትሪ ነው» የሚለው ቃል ልክ የሆነው ያን ቀን ነው።

በኅዳር አጋማሽ፣ ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው። በደብረ ብርሃን መንገድ ከሸኖ አለፍ ብሎ ጎማ ተንፍሶበታል።

«ትራሷ አብራህ ናት?» አልኩት።

«ናት እንጂ! ተነስታለች መኪናዋ። አንድ ሲኖትራክ ለምኜ ከአየር ታንኩ በጎማ ቱቦ ሰጠኝ። ብታይ፣ ሾፌሩ ራሱ ነው በስልኩ የቀረጸን።»

«እና ምን ሆንክ?»

ዝም አለ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ስኮርታውን ቤት ትቼዋለሁ። ትራሷ ከነእጀታዋ አልገባ ስትለኝ… ክሪክ ካለ ጎማ ምን ያደርጋል ብዬ… ባለቤቴ ልቅሶ ሄዳለች። ቁልፉ ጥበቃው ጋ አለ። ከላምበረት መናኸሪያ ሚኒባስ ላይ ጫንልኝ በሞቴ።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ስኮርታው በረንዳው ላይ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ የተሰጣ በርበሬ። በርበሬውን እያስነጠሰኝ ወደ ጠረጴዛ አዛወርኩ። ጎማውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ አለልኝ። መኪናዋን የተሸከመ ጊዜ እንኳ ንፋሱን ያየለት ሰው አልነበረም።

በደረጃው እያንከባለልኩ አወረድኩትና በራችን ላይ ወዳለው ጎሚስታ ወሰድኩት። ልጁ ነበር። ጎማውን ሲያይ ለየው፤ የበርበሬ ፍሬ ከጥርሱ መካከል አንድ ሁለት ለቀመና የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ሰካበት።

«ያቺ የአሜሪካ ትራስ ደህና ናት?»

«ሸኖ ላይ መኪናዋን ተሸክማ ቆማለች» አልኩት።

«ከሥሯ ምን አስገብቶባታል?»

ደወልኩለት። ኢንጂነሩ ለመመለስ ትንሽ ቆየ።

«ድንጋይ አድርጌያለሁ» አለኝ።

ለልጁ ነገርኩት። የንፋስ መለኪያውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። ጎማውን ገጥሞ ሲሄድ ድንጋዩን ከመንገድ እንዲያነሳ ንገረው» አለ።